ቫይታሚን ያልነው ክኒን

ከመቀሌ የወጣሁት አመሻሽ ላይ ነው። ሻንጣዬ ባጃጅ ላይ ተጭኖ፣ አደይ (እናቴን እንዲህ ነው የምጠራት) በር ላይ ቆማ፣ የሰፈራችን የሓድነት ጎረቤቶች አንድ በአንድ እየሳሙኝ ሳለ ታላቅ ወንድሜ ክንፈ ወደ ጓሮ ጎተተኝ። በእጁ የቫይታሚን ጠርሙስ ይዟል። ውስጡ ያለው ግን ቫይታሚን አልነበረም፤ ፋርማሲ ለፋርማሲ ተንከራትቶ ያገኘው የጡት ካንሰር ክኒን ነው።

«አደይን እጢ ነበር፣ ተነቅሏል፣ አሁን ቫይታሚን ብቻ ነው የምትውጪው ብለናታል። አንቺም በስልክ እንዳታበላሺው» አለኝ።

«ለምን እንደምትውጠው ሳታውቅ ስንት ዓመት ትውጠዋለች?»

«ካወቀችማ በሐሳብ ትሞትብናለች። ሰፈሩስ ምን ይላል? ነይ፣ አውሮፕላኑ እንዳያመልጥሽ።»

ከታላቅ ጋር መከራከር አይሆንልኝም። ሄድኩ።

ጀርመን የመጣሁት ለሁለተኛ ዲግሪ ነው። የማጠናው ትራንስክሪፕሽን ፋክተር የሚባሉ ፕሮቲኖችን ነው። ሴል ውስጥ ያሉ ጂኖች ሁሉ በአንድ ጊዜ አይሠሩም፤ የትኛው መቼ ተነሥቶ መቼ እንደሚያርፍ የሚያዝዙት እነዚህ ናቸው። አዛዡ ሲበላሽ ወይም ማረፊያ ሲያጣ ሴሉ መባዛቱን አያቆምም፤ ብዙ ካንሰር የሚያድገው በዚህ መንገድ ነው። የአደይ እጢ ውስጥ የነበረው አዛዥ የሴት ሆርሞን ሲደርሰው የሚነሣ ዓይነት ነው። ክኒኑ ሴሉን አያቃጥልም፤ የሆርሞኑን መቀመጫ ቀድሞ ይይዝበታል። ክኒኑ ከቀረ መቀመጫው ባዶ ነው። ስለዚህ በየቀኑ፣ ለዓመታት፣ «ድኛለሁ» ሲሉም ይዋጣል። የዳነ ሰው ግን ቫይታሚን ምን ያደርግለታል?

እዚህ ፀሐይ ትወጣለች እንጂ አታሞቅም። ዳቦው ጥቁርና ጎምዛዛ ነው፤ እንደ ሕምባሻ ቆርሶ የሚሰጥሽ የለም፣ ሁሉም የራሱን ይቀባል። አውስላንደርበሄርደ በሚሉት የውጭ ዜጎች ቢሮ አንዱ ሠራተኛ «ስትጨርሺ ትመለሻለሽ?» ብሎ ጠየቀኝ። «እናቴ እዚያ ናት» አልኩት። «እሱ መልስ አይደለም፤ አዎ ወይም አይ» አለኝ።

አከራዬ አሮጊት ናቸው። ሥራዬን በነገርኳቸው ማግስት ኮሪደር ላይ ጠበቁኝ።

«የካንሰር ሴል ትነኪያለሽ?»

«በጓንት።»

«እንግዲያው ልብስሽን በእኔ ማሽን አታጥቢ።»

«ካንሰር እኮ በልብስ አይተላለፍም።»

«አውቃለሁ» አሉኝ፤ «ግን አታጥቢ።»

እንዲህ ያለው ነገር እኛ ሰፈር ብቻ ያለ ይመስለኝ ነበር።

ባለፈው እሑድ አደይ ደወለች። ድምፅዋ ውስጥ ደስታ አለ።

«ጓለይ፣ ልጄ፣ ደኅና ነኝ። ቫይታሚኑን እንኳ ትቼ ለሂወት ሰጠኋት።» ሂወት የጎረቤታችን ልጅ፣ አራስ ናት። «ገርጥታ አሳዘነችኝ። እኔ ድኛለሁ፣ እሷ ታጠባለች። ግን የተስማማት አልመሰለኝም፤ ወተቷ ጠፋ።»

ያ ክኒን ወተት ያደርቃል። ቶሎ ብዬ ክንፈ ጋ ደወልኩ።

«አደይ ክኒኑን ትታ ለአራስ እየሰጠች ነው።»

«ለሂወት ጊዜው ያለፈበት ቫይታሚን ነው፣ አቁሚ እንላታለን።»

«ለአደይስ?»

«አዲስ ቫይታሚን መጣልሽ።»

ጮኼ አላውቅም፤ ያን ቀን ግን ጮህኩ፣ አከራዬ ግድግዳውን እስኪደበድቡ። ለሟች ዘመድ መርዶ ለመንገር ጎሕ ሲቀድ ተሰብስበን እንሄዳለን። በሕይወት ላለችው ግን የራሷን በሽታ አንነግርም። «ደግ ስለሆነች ነው የሰጠችው። ደግነቷን መርዝ ያደረግነው እኛ ነን» አልኩት።

ከዚያ ለአደይ ደውዬ ነገርኳት። ካንሰር እንደነበረ፣ ክኒኑ እንዳይመለስ እንደሚጠብቃት፣ ሂወት ዛሬውኑ አቁማ ሕፃኑን ይዛ ዓይደር ሆስፒታል እንድትሄድ፣ ሐኪም ሳያያት እንዳታጠባው።

ስለ ካንሰሩ አንድም ነገር አልጠየቀችኝም።

«ለአራስ እኮ ነው የሰጠሁት» አለች። «ውኃውን ራሴ ቀድቼ።»

«አላወቅሽም፣ አደይ።»

«እናንተ ሁላችሁ ታውቁ ነበር?»

«ሁላችንም።»

ስልኩን ዘጋችው። መልሼ ስደውል ያነሣው ክንፈ ነው።

«አደይ ሂወት ቤት ሄደች። ከእኔ ጋር አልነጋገርም ብላለች።»

«ክኒኑስ?»

«ጠርሙሱን ይዛው ነው የወጣችው።»

«ልትውጠው ነው ወይስ ልትጥለው?»

«አልነገረችኝም።»

«እኛም አልነገርናትም» አልኩት።

ስልኩን እሱም አልዘጋ፣ እኔም አልዘጋሁም። ከበስተጀርባው በሰፈራችን የሚያልፍ ባጃጅ ይሰማኝ ነበር።