ባሌን ስደቡልኝ

ወንድሜ ከካናዳ የላከው ፎርም ሲደርሰን ፖስታው ተከፍቶ በሙጫ ተመልሶ ተለጥፎ ነበር። የከፈተው ሰው አንብቦ ምን እንደገባው እንጃ፤ እኛ ራሳችን የገባን በሦስተኛው ቀን ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ካናዳ ገብቶ በቋሚነት መኖር የሚፈልግ ሰው እንደ ማትሪክ ተፈታኝ ነጥብ ይሰጠዋል። ለትምህርቱ ይህን ያህል፣ ለሙያው ይህን ያህል፣ ለዕድሜው፣ ለቋንቋው፣ እዚያ ዘመድ ካለው ደግሞ ለዘመዱ ተብሎ ይደመርለታል። ከመቶው ሃምሳ ያመጣ ያልፋል። መጀመሪያ የቀለደብን መስሎኝ ወንድሜን ረገምኩት።

አመልካቹ ባለቤቴ ነበር። ፒያሳ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ የጽሕፈት መኪና ይጠግናል። እኔ አራት ኪሎ አንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ፤ የተዋወቅነውም መኪናዬ ተበላሽታ ነው። አራዳ ተወልጄ ስላደግኩ ምላሴ አያርፍም። እሱ ግን ቃል እንደ ስኳር በቀበሌ ኩፖን የሚታደል ይመስል ዝም ነው።

ለምን መሄድ አስፈለገው? በዚያ በክፉው ጊዜ መንግሥትን የሚቃወም አንድ በራሪ ወረቀት ተገኘ። ወረቀቱ ላይ «ረ» የምትባለዋ ፊደል ትንሽ ዘመም ትላለች። በ«ረ»ዋ መኪናዋን ፈልገው አገኙ፤ መኪናዋን ከወር በፊት የጠገነው ባለቤቴ ሆነ። ባለመኪናው «ረ»ዋን ተዋት፣ ቸኩያለሁ ብሎት ነው የተዋት። እንግዲህ ጠግነሃል ተብሎ ታሰረ፤ ያሳሰረው ግን ያልጠገነው ነገር ነው። ዓመት ሊሞላው ትንሽ ሲቀረው ለቀቁት። ሲወስዱት ባዶ እግሩን ነበርና ከተፈታ በኋላ በራችን ላይ መኪና በቆመ ቁጥር ይነሳል፣ ጫማውን ያጠልቃል፣ ክሩን ያስራል፣ መኪናው እስኪሄድ አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጣል። ይህን አራት ዓመት አየሁ። በአምስተኛው፣ ይህን ሰው ካላወጣሁት እኔ ሴት አይደለሁም አልኩ። እሱ ይቅደም፣ እኔ የሆነ ቀዳዳ ፈልጌ እከተላለሁ።

ነገሩን ምስጢር ነው ብለን ለሦስት ሰው ብቻ ነገርን። በሳምንቱ ሰፈሩ በሙሉ ነጥቡን ይደምር ነበር። ልብስ ሰፊው ጎረቤታችን ለራሱ አስልቶ አሥራ አንድ ቢደርሰው ጊዜ ካናዳ እንዲህ ታዋርደኝ ብሎ ሰነበተ። ፀጉር አስተካካዩ ደግሞ የሚያስተካክለውን ሰው ሁሉ በመስተዋት እያየ ነጥብ ይሰጥ ጀመር።

ከውጭ የመጣ አንድ ፈረንጅ ለቃለ መጠይቅ ጠራን። እንግሊዝኛውን ላግዘው አብሬው ገባሁ። ፈረንጁ ገና ከመቀመጣችን በሥራህ ጎበዝ ነህ ወይ ብሎ ጠየቀው። ባለቤቴ አንገቱን ሰበር አድርጎ «እንግዲህ፣ እንሞክራለን» አለ። እኔ ይህን በእንግሊዝኛ በአፍሪካ የሚደርስበት የለም ብዬ ተረጎምኩት። እሱ ደግሞ ለካ እንግሊዝኛ ይሰማል! አይ፣ እሷ አጋና ነው፣ ትንሽ ትንሽ ነው የማውቀው ብሎ በራሱ አፍ አፈረሰው። በጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጥኩት። ጠያቂው ሁለታችንንም እያየ ሳቀ፣ አንድ ነገር ጻፈ። ስንወጣ እንዲያው ሰው ራሱን እንዲህ ይጥላል ወይ ብዬ እስከ ቤት ድረስ ጨቀጨቅኩት። ሰው ራሱን ሲያመሰግን ነውር ነው አለኝ።

ከጥቂት ወር በኋላ መልሱ መጣ። ሃምሳ ሁለት። በስድስት ወር ውስጥ ካናዳ ከገባ ቋሚ ነዋሪ ነው፤ ካልገባ ወረቀቱ ይሞታል። እልል ልል አፌን ከከፈትኩ በኋላ ጎረቤት ምን ይላል ብዬ በትራስ አፈንኩት።

የቀረው የመውጫ ቪዛ ነበር። ለዚያ ቢሮ ወንድሜን ሊጠይቅ ነው አልን፤ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው። ጸሐፊው ባለሙያ ነው ወይ አለኝ። እኔ ሞኟ፣ ፈረንጁ ፊት ያጣሁትን ዕድል አሁን ልካሰው ብዬ፣ እሱ ከሌለ የከተማው ጽሕፈት በሙሉ ይቆማል አልኩ። ሰውየው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። እንግዲያው አገር ይፈልገዋል፣ አይወጣም አለ። ደነገጥኩና ኧረ ይህን ያህል እንኳ አይደለም፣ መካከለኛ ነው ብል አልሰማኝም። በመጨረሻ አዝኖልኝ መሰለኝ፣ ቀበሌው ሕዝብ ሰብስቦ ይህ ሰው ቢሄድ ሥራ አይጎዳም ብሎ ከወሰነና ማኅተም ከመታበት አምጪ አለኝ።

አስቡት እንግዲህ። ካናዳ ጎበዝ ነው የሚል ወረቀት ስትፈልግ ኖራ አግኝታለች። አገሬ ደግሞ አይረባም የሚል ወረቀት ትፈልጋለች። ሰውየው አንድ ነው።

ባሌን ስደቡልኝ እያልኩ ቤት ለቤት ዞርኩ። ለሰርግ እንደሚጠራ ሰው እያንዳንዱን በር አንኳኳሁ። ፀጉር አስተካካዩ ለዚህ ነው እንዴ የተጨነቅሽው፣ ተይው ለኔ አለ። ልብስ ሰፊው ምን ዓይነት ስድብ እንደሚሻል አማከረኝ፤ የጠባይ ነው ወይስ የሥራ? የሥራ አልኩት። ከግድግዳችን ወዲያ ያለችው ጎረቤቴ ግን የጠባዩንም ብጨምርበት አይጎዳም አለች።

ከሁሉ ያላሳሰበኝ የሱቁ ባለቤት ነበሩ። ጋሼ ነው የምንላቸው። መኪና መጠገን ከአንድ ጣሊያን ተምረው፣ ባለቤቴን ደግሞ እሳቸው ከጉርምስናው ጀምሮ አስተምረውታል። ሃያ ዓመት ሙሉ ከአፋቸው ሲወጣ የምሰማው አንድ ቃል ነው፦ «አትረባም።» ብሎን ሲወድቅበት አትረባም። ሳይወድቅበትም አትረባም። አንድ ቀን እንኳ ጎሽ ብለውት አያውቁም። ባለቤቴ ቤት ሲመጣ ያለ ምክንያት የሚያዝንባቸውን ቀናት እኔ ከፊቱ አውቃቸዋለሁ። ስለዚህ ሄጄ ጋሼ፣ ሁልጊዜ የሚሉትን እሑድ ጠዋት ቆመው አንድ ጊዜ ይበሉልኝ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም አልኳቸው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አዩኝና እሺ አሉ።

እሑድ ጠዋት የቀበሌው አዳራሽ ጢም አለ። መፈክር ተባለ፣ ግራ እጅ ተነሳ፣ ተቀመጥን። አጀንዳው ሦስት ነበር፦ የስኳር እደላ፣ የቦይ ጽዳት፣ የባለቤቴ አለመርባት። እሱን ፊት ለፊት ብቻውን አግዳሚ ላይ አስቀመጡት። ሊቀመንበሩ ኮስታራ ቢሆኑም ክፉ ሰው አልነበሩም። ስለ ጓድ ሙያ የምታውቁ በግልጽነት ሂስ አቅርቡ አሉ።

ፀጉር አስተካካዩ ተነሳ። ሬዲዮኔን እይልኝ ብዬ ሰጠሁት፣ ከዚያ ወዲህ እንኳን ዜና ትንፋሽም አልሰማሁባት አለ። ልብስ ሰፊው ቀጠለ። የስፌት መኪናዬን ዘይት ቀብቶልኝ ነበር፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ የምሰፋው ሱሪ ሁሉ አንድ እግሩ ያጥራል አለ። ሰዉ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። አግዳሚው ላይ ያለው ባለቤቴ ዞር ብሎ አየኝ። ከከንፈሩ እንዳነበብኩት፣ የሱሪው ነገር እውነት ነው እንዴ እያለኝ ነበር። አምኖታል! ያ ሰው መቼም።

ጎረቤቴ ደግሞ ሲነሽጣት ጠጅ ቀምሶ የማያውቀውን ሰው ሰካራም አደረገችው። እዚያ ላይ ብታቆም ምን ነበር? ይህቺ ምስኪንስ ምን ዕድል አላት ብላ ወደኔ እየጠቆመች የእውነቷን አለቀሰች። ራሴ የላክኋት መሆኔን ረስቼ ልነሳባት ስል የጎኔ ሰው ቀሚሴን ይዞ አስቀመጠኝ። ከዚያ ሊቀመንበሩ ባለቤቱስ ምን ትላለች አሉ። ተነሳሁ። ሳሎናችን ውስጥ አምፖል ከተቃጠለ ሁለት ወሩ ነው፣ እስከ ዛሬ አልቀየረውም አልኩ። እስከዚያ ድረስ በዚያ አዳራሽ የተነገረ እውነት ያ ብቻ ነበር፤ ከሁሉ ይልቅ የተጨበጨበውም ለሱ ነው።

ሊቀመንበሩ ማኅተሙን ከኪሳቸው አወጡ። በዓይኔ አየሁት። የቀረ እንዳይኖር፣ ሥራውን በቅርብ የሚያውቁት አስተማሪው ይጨምሩበትና እንዝጋው አሉ። ጋሼ ቆባቸውን አውልቀው ቆሙ። እኔ በልቤ አንድ ቃል፣ አንድ ቃል እላለሁ።

«ይህን ሥራ የተማርኩት ከጣሊያን ነው» አሉ። «ጣሊያኑ ጎበዝ ነበር፣ እኔም ክፉ አይደለሁም። ይህ ልጅ ግን ሁለታችንንም ይበልጣል። እኔ ፈትቼ የማገኘውን ብልሽት እሱ ቆሞ ሲጻፍበት በጆሮው ሰምቶ ያውቀዋል። ሱቅ ውስጥ የምለውን እላለሁ፤ ማስተማር ነው። እሰው ፊት ቆሜ አይረባም ብል ግን እግዜር ይታዘበኛል።»

ተቀመጡ። ልብስ ሰፊው ግንባሩን በእጁ መታ። ሊቀመንበሩ ባለቤቴን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ማኅተሙን ወደ ኪሳቸው መለሱ። የታየው ነገር ግልጽ ነው፣ ጓድ ለአገር የሚያስፈልግ ባለሙያ ነው ብለው ወሰኑ። ይህ አልበቃ ብሎ አንዱ ከኋላ ተነስቶ እንግዲያው ኮከብ ሠራተኛ ይባልልን አለ። በድምፅ ተደገፈ። አልደግፍም ማለት የሚቻልበት ዘመን አልነበረምና እኔም እጄን አወጣሁ። ከዚያ ስለ ቦዩ ተነጋገርን።

ስንወጣ በንዴት እግሬ መሬት አይነካም ነበር። ሃምሳ ሁለት ነጥብ፣ የአንድ ዓመት ተኩል ደጅ ጥናት፣ የሰው ሁሉ ውለታ፣ ባንድ ሽማግሌ አፍ ገደል ገባ። ዞሬ ይህንኑ ልነግረው ስል ባለቤቴ መንገዱ መሐል ቆሟል። ሲፈታ እንኳ ያላለቀሰ ሰው ፊቱ በእንባ ርሷል።

«ሰማሽ ያሉትን?» አለኝ።

ሰምቻለሁ አልኩት። ልሳደብ አስቤ የነበረውን ሁሉ ይዤ ክንዱን ያዝኩት፤ ወደ ቤት ሄድን። ማታ ወንበር ላይ ወጥቶ አምፖሉን ቀየረ።

ስድስቱ ወር አለፈ፣ ወረቀቱ ሞተ። በራችን ላይ የሚቆሙትን መኪኖች እንደገና ለብዙ ዓመታት አብረን አዳመጥናቸው። ጋሼን ግን አኮረፍኳቸው። በሱቁ ደጅ ሳልፍ ፊቴን ወደ ማዶ አዞራለሁ፤ እንደ እኔ ያለች ለፍላፊ ለሽማግሌ ሰላምታ ስትነሳ ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያውቀው የሞከረው ነው። አራት ወር ቻልኩ። አንድ ቀን ባለቤቴ መኪና ሊያደርስ ወጥቶ እሳቸው ብቻቸውን ሲሆኑ ጠብቄ ገባሁ። እንደምን ዋሉም ሳልል ጠየቅኳቸው። ጋሼ፣ ያን ቀን ያሉት እውነት ነው ወይስ እንዳይሄድ ብለው ነው?

የያዙትን ብሎን በጨርቅ ጠረጉት። ጠርገው ሲጨርሱ እንደገና ጠረጉት።

«እውነት ነው፣ ይበልጠኛል» አሉ። «ደግሞም እንዲሄድብኝ አልፈለግኩም፣ ልጄ። ልጅ የለኝም። ስነሳ የትኛው እንደሚያናግረኝ እኔም አላወቅኩም ነበር።»

እዚያው በርጩማው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ተናደድኩባቸውም፣ አዘንኩላቸውም። እሳቸው ሥራቸውን ቀጠሉ፣ ቀና ብለው አላዩኝም። ማታ ራት ስንበላ ባለቤቴ ከጋሼ ጋር ታረቃችሁ አሉ፣ ምን አሉሽ ብሎ ጠየቀኝ። ይበልጠኛል ነው ያሉት አልኩት። ፈገግ ብሎ ጎረሰ። ሌላውን እስከ ዛሬ አልነገርኩትም።