ለነካሹ የሚሆን ባትሪ

ኅዳር 14 ቀን፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት፣ ጉድጓድ ቁጥር ሰባት። ከዚህ ቀጥሎ የውኃው ግፊት የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ነው። ነካሹ በሃያ ሁለት ዓመት የሌሊት ሥራው ከሞላቸው መዝገቦች ሁሉ ባዶ የተወው ይህንን ብቻ ነው። ኅዳር 20 ንጋት ላይ ከተኛበት ሳይነሣ ቀረ፤ ልቡ ነው አሉ። ቦታው አሁንም አልተሞላም።

ነካሽ ያሉት ሰው ነክሶ አይደለም። እንዲያውም ሲቆጡት አንገቱን ደፍቶ ጫማውን የሚያይ ሰው ነበር። ሥራው ጉድጓድ ወርዶ፣ እንደ መኪና መሪ የሚዞረውን የቧንቧ መዝጊያ በሁለት እጁ ይዞ፣ ዓይኑን ከግፊት መለኪያው ሳይነቅል ቀስ እያለ መክፈት ነው። ሦስተኛ እጅ ስለሌለው ባትሪውን በጥርሱ ነክሶ ይይዛል። የመለኪያው ጠቋሚ አምስትን ካለፈች በቁልቁለቱ ቤቶች ሥር የሚያልፈው ያረጀ ቧንቧ ይፈነዳል። ባለፈው ዓመት ፈንድቶም ነበር። ሌሊት እየተፈራረቀ የሚሠራው ባልደረባው ጠቋሚዋን ሳያይ በግምት “አራት” ብሎ ጻፈ፤ የአንዲት ሴት ግድግዳ አልጋዋ ላይ ተደረመሰ። ደግነቱ እሷ ውጭ ነበረች። ነካሹ ግን ከዚያ ወዲህ ያ አልጋ ከዓይኑ አልጠፋም።

በዚያ ኅዳር የፊት ጥርሱ ተነቅሎ በሰው ሠራሽ ተተካ። ሐኪሙ፣ “ዳቦም ቢሆን በጎን ነው” ብሎ አስጠንቅቆታል። ስለዚህ ኅዳር 14 ባትሪውን በከንፈሩ ሊይዝ ሞከረ። አምልጦት ጉድጓዱ ሥር ካቆረው ውኃ ገባና ድርግም አለ። በዳበሳ ስልኩን አውጥቶ ውኃውን ከሚገፋው ሞተር ላይ ላለችው ተቆጣጣሪ ደወለ።

“ስንት ደረሰ ጋሼ?”

“አላየሁም። አጥፊው።”

“እሺ በግምትስ?”

“ግምት አልነግርሽም። አጥፊው አልኩሽ!”

አጠፋችው። በማግስቱ የታችኛው ሰፈር ያለ ውኃ ዋለ። አለቃው አስጠርቶት፣ “ሁለተኛ እንዲህ ብታደርግ በር ላይ ነው የማቆምህ፤ ዘበኛ ትሆናለህ” አለው። ነካሹ ጫማውን አየ።

ከአለቃው ቢሮ በቀጥታ ወደ ኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ሄደ። በፌስታል ከአገልግሎት የወጣ፣ ከጉድጓዱ ጋር አንድ ዓይነት የሆነ የግፊት መለኪያ ይዟል።

“ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ ፈልጌ ነበር። ዋጋው የማያስደነግጥ።”

ባለሱቋ ሁለት አወጣችለት። አንዱ ትልቅ፣ ጥቁር፣ ቻርጅ የሚደረግ ነው። ሌላው ቢጫ፣ ትንሽ፣ ሦስት ድንጋይ የሚጎርስ። በትልቁ ዋጋ ቢጫውን ሦስት መግዛት ይቻላል።

“ትልቁን ይውሰዱ” ብላ አበራችው። በጠራራ ፀሐይ ምኑ ይታያል?

“ጨለማ የለሽም?”

“እኔ ብርሃን ነው የምሸጠው ጋሼ” ብላ ሳቀችና የዕቃ ማስቀመጫውን ክፍል ከፈተችለት።

በሩን ዘጋ፣ መለኪያውን ሚስማር ላይ ሰቀለ፣ ጥቁሩን ግንባሩ ላይ አስሮ እንደ ጉድጓዱ ቁጢጥ አለ። ጠቋሚዋ ቁልጭ ብላ ታየችው። ዋጋው ቢከብድም ሊወስደው ልቡ ቆረጠ።

“የጎኑን ይጫኑት!” አለች ከውጭ። “ቀይ መብራት አለው። ዓይን አያደክምም፣ ቻርጅም ይቆጥባል።”

ተጫነው። ክፍሉ ቀላ። ቁጥሮቹ አሉ፤ ጠቋሚዋ የለችም። መስታወቱን በእጅጌው ወለወለ። ዓይኑን አሸ። አንዱን ጨፈነ፣ ቀጥሎ ሌላውን። የለችም። ጥርሱ ሄደ፣ አሁን ደግሞ ዓይኑ ሊሄድ ነው። ያ አልጋ መጣበት። ካርቶን ላይ ዘፍ አለ።

“ልጄ፣ ነይ እስቲ።” ብሎ ጠራት።

ገብታ ጎንበስ አለች። “ምኑን ነው የማየው?”

“ጠቋሚዋ። ስንት ላይ ናት?”

“የቷ ጠቋሚ? የለችም እኮ!”

“አንቺም አላየሻትም? እውነትሽን ነው?”

ሰው አላይም ሲል እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አያውቅም። ወደ ነጩ መለሰው፤ ጠቋሚዋ ቦታዋ ላይ አለች። ቀይ ቀለም የተቀባች ናት፤ ቀዩ ብርሃን ውጧት ነበር።

ዓይኑ ደህና መሆኑን ቢያውቅም ጭንቀቱ አልለቀቀውም። እርጥብ ጣት ጉድጓድ ውስጥ ተሳስቶ የጎኑን ቢነካስ? ቢጫው አንድ ነጭ መብራትና አንድ መጫኛ ብቻ ነው ያለው። ባልዲ ውኃ አስመጥቶ ነከረው፤ አልጠፋም። ግንባሩ ላይ አስሮ አንገቱን ሲነቀንቅ ግን ላስቲኩ ላልቶ አፍንጫው ላይ ወረደ።

“ለሱ እንኳ ሰው አለኝ” አለና ገዛው።

ልብስ ሰፊ የሆነችው ሚስቱ ራሱን በሜትር ለካች። “አንተ ሰውዬ፣ ጭንቅላትህ ከስቷል።”

“ሐሳብ ነዋ።”

“እኔ ሳስብልህ የኖርኩት የት ገባ ታዲያ?” ብላ ላስቲኩን አሳጥራ ሰፋችው።

ኅዳር 16 ጠቋሚዋን አራት ጊዜ አይቶ “አራት ነጥብ ሁለት” ብሎ ጻፈ። ተቆጣጣሪዋ መዝገቡን ገልጣ፣ “የ14ንም አራት ይበሉና ይዝጉት። ማን ያያል?” አለችው።

“እኔ አላየሁም እኮ ነው ችግሩ።”

ኅዳር 18 ሥራውን ጨርሶ ሊወጣ ሲል ባልደረባው አዲስ ጥቁር ባትሪ አሳየው፤ ባለ ቀዩን። ነካሹ ያየውን ነገረው።

“አንተ ደግሞ፣ ሰበብ አታጣም” ብሎ ሳቀበት።

ያን ቀን እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም። ኅዳር 19 ሱቁ ተመልሶ ሌላ ቢጫ ባትሪ ገዛ። የባልደረባውን ራስ ስፋት በግምት አላደረገም፤ ከሞተር ቤቱ ሚስማር ላይ ቆቡን አውርዶ ለሚስቱ ወሰደላት፤ እሷም በቆቡ ልክ ሰፋችው። ወደ ማታ ቆቡን ሚስማሩ ላይ መለሰ፣ ባትሪውን በላዩ አንጠለጠለ፣ አብርቶ አጠፋው።

“ዛሬ በዚህ ካልወረደ ሞተሩን እንዳታስነሺ” አላት ተቆጣጣሪዋን።

“ቢቆጣስ ጋሼ?”

“ይቆጣ።” ጫማውን አላየም።

የሞተር ቤቱን በር ዘግቶ ወጣ። ጥቂት ሄዶ ተመለሰና መዘጋቱን ለማየት በእጁ ገፋ አደረገው።