በአንድ ዓይን የተሣለችው ሴት

ይህ ያጋጠመኝ ባለፈው መጋቢት፣ አንድ ቅዳሜ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ ይህን ግን አልረሳሁትም።

የምንኖረው ለንደን፣ ዊልስደን ነው። ልጄ ሰናይት አሥር ዓመቷ ነው። መንገድ ላይ ሁልጊዜ ከፊቴ ነው የማስኬዳት። «እማዬ፣ ቤቢ አይደለሁም እኮ!» እያለች ትቆጣለች። ትምህርት ቤት ብቻዬን ልሂድ ብላ ስትለምነኝ ከርማለች፤ እኔ እምቢ ብያለሁ። ምክንያቱን ነግሬያት አላውቅም።

የዚያን ቀን ለሆምወርኳ ስለ ጥንት ሮማውያን ታሪክ የተሣለ ሥዕል መምረጥ ነበረባት። በአውቶቡስ ወደ አንድ የሥዕል ሙዚየም ሄድን።

ከአንድ ትልቅ ሥዕል ፊት ቆመች። ከተማ ይቃጠላል። አንድ ሰው ሽማግሌ ተሸክሞ፣ ትንሽ ልጅ በእጁ ይዞ ይሸሻል። የቅዱሳን ሥዕል መስሎኝ አማተብኩ።

«እማዬ! ሰው እያየን ነው።»

ከኋላቸው አንዲት ሴት አለች። ፊቷ ወደ ጎን ስለዞረ የሚታየው አንድ ዓይኗ ብቻ ነው። እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ሥዕል የማውቀው ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ነው። እዚያ በአንድ ዓይን የሚሣለው ክፉ ነው።

«ይቺ የምታሳድዳቸው ጠላት ናት» አልኳት።

ሳቀች። «ኖ እማዬ! ሚስቱ ናት እኮ።»

አጠገቡ የተለጠፈውን ጽሑፍ እያነበበች ነገረችኝ። ታሪኩን የጻፈው ጥንታዊ የሮም ባለቅኔ ነው፤ የሣለው ከብዙ ዘመን በኋላ የመጣ ጣሊያናዊ ነው። ሰውየው አባቱን ተሸከመ፣ ልጁን ያዘ፣ ሚስቱን ተከተይኝ አላት። ዞር ብሎ ሲያይ የለችም።

«ግን ዋይ? ለምን ከፊቱ አላስኬዳትም?» አለችኝ።

አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። እዚያው ነገርኳት። ወደ ሱዳን ስንሻገር ጓዛችንን አዝዬ ከፊት ነበርኩ። ታናሽ እህቴን ተከተይኝ አልኳት። ዞር ስል የለችም። ለዓመታት ባፈላልግ አላገኘኋትም።

ልቅሶ ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ፤ አልመጣም። የሌላ ሰው ታሪክ የማወራ መሰለኝ።

«ስሟ ማን ነበር?»

«ሰናይት።»

ልጄ ወደ ሥዕሉ ተመልሳ በስልኳ አነሣችው።

ከፋሲካ በኋላ ብቻዋን እንድትሄድ ፈቀድኩላት። እኔ በር ላይ እቆማለሁ። መታጠፊያው ጋ ስትደርስ፣ ሳልነግራት፣ ዞር ብላ ታየኛለች። ምን ይሰማሻል ብትሉኝ፣ ብዙም የሚሰማኝ ነገር የለም። እጄን ግን አነሣላታለሁ።