ታማኝ ምንጮች

ባለፈው ሰሞን ከወልድያ ወደ መርሳ በሚኒባስ ስሄድ አጠገቤ የተቀመጠ ጎልማሳ፣ «ወደ ግራና የሚያሻግረው ድልድይ እንዴት ነው?» አለኝ።

«ጎርፍ ወሰደው ሲሉ ሰማሁ፤ እኔ ግን አላየሁትም» አልኩት። ጋዜጠኛ መሆኑን የነገረኝ መርሳ ስንወርድ ነው።

በሳምንቱ የአጎቴን የሰይድን ልጅ ለመዳር ከመርሳ ወደ ግራና ልንነሳ ስንል፣ አጎቴ ጋዜጣ ይዘው መኪናው ፊት ተገተሩ።

«ማንም እንዳይነቃነቅ! ድልድዩ የለም!»

ሙሽራው ወሬውን ሰምቶ ከግራና ለአጎቴ ደወለ። «ወላሂ ደህና ነው፤ አሁን ተሻግሬው ተመለስኩ!» አለ።

«ለሚስት ቸኩሎ ነው» አሉና ስልኩን ዘጉበት። ሙሽሪት ማልቀስ ጀመረች።

ጋዜጣውን ተቀብዬ አነበብኩት። «ድልድዩ በጎርፍ መወሰዱን ታማኝ ምንጮች ገለጹ» ይላል። እኔ አንድ ሰው «ምንጮች» ሆኛለሁ፤ «አላየሁትም» ያልኩት ግን የትም የለም።

«ጋሼ፣ ይህን ያልኩት እኮ እኔ ነኝ! እኔም ከሰው ሰምቼ ነው» አልኳቸው።

አጎቴ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

«አስተግፊሩላህ! አንተን ደግሞ ማን ነው ታማኝ የሚልህ?» አሉና ሾፌሩን ሞተር አስጠፉት።