የእህቴ የታደለች ገበታ

አዳማ ከምኖርበት ቤት ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ፣ አንዲት የአርሲ ሴት የተቆላ የገብስ ዱቄት በንጥር ቅቤ እያሸች ጩኮ መሸጥ ጀምራለች። ጠዋት ጠዋት ሽታው በመስኮቴ ይገባል። ሌላውን ሰው ምራቁን ያስውጠዋል፤ እኔ ግን ተነስቼ መስኮቱን እዘጋለሁ። ከብዙ ዓመታት በፊት አሰላ ውስጥ፣ ይኸው ሽታ ከአፌ ሳይጠፋ፣ ከንፈሬ ገና በቅቤ እንደወዛ የተናገርኩትን ነገር ያመጣብኛል። ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ታላቅ እህቴ ታደለች ደግሞ አሥራ አራት።

አባታችን ድሬሰር ነበር። ትውልዱ መንዝ ሆኖ በመንግሥት ሥራ ወደ አሰላ ተዛውሮ የመጣ፣ በአንድ ክሊኒክ ቁስል የሚያጥብና መርፌ የሚወጋ፣ ነጭ ጋውኑን ለማንም ሳይሰጥ ራሱ የሚተኩስ ሰው ነበር። እናቱ፣ አያታችን ማለት ነው፣ ወፍራም ሴት ነበሩ፤ በስኳር በሽታ እግራቸው ጠቁሮ፣ ከጉልበታቸው በታች ተቆርጦ፣ ቁስላቸውን እሱ እያጠበ እጁ ላይ ሞቱ። ይህን የነገረን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ታደለች የአያታችንን አካል ወርሳለች፤ ክንዷ ሙሉ፣ ጉንጯ የቀላ፣ ስትስቅ ትከሻዋ ድረስ የሚንቀጠቀጥ ልጅ ነበረች። የሰፈሩ ሴቶች «የደላት» እያሉ ያደንቋት ነበር። አባባ ግን እሷን ባየ ቁጥር የሚታየው የእናቱ እግር ነበር መሰለኝ።

ነገሩ የጀመረው በክረምት ነው። የጭላሎ ተራራ በጉም ተሸፍኖ፣ ዝናቡ ቀኑን ሙሉ ቆርቆሯችንን ሲደበድብ፣ እኛ ልጆች ከምድጃው ሳንርቅ ድንች እየቀቀልን፣ ገብስ እየቆላን ስንበላ እንውል ነበር። አንድ ቀን አባባ ከክሊኒኩ የተጣለ የሰው ሚዛን አስጠግኖ፣ በሸራ ጠቅልሎ አመጣና በረንዳው ላይ አስቀምጦ በየተራ አቆመን። እኔ ከዕድሜዬ በታች ቀልዬ ተገኘሁ። ታደለች ስትወጣ መርፌው ሄዶ ሄዶ እስኪረጋ ድረስ አባባ ጠበቀ፤ ከዚያ ቁጥሩን ጮክ ብሎ አነበበና፣ ወደ እማዬ ዞሮ «ጥፋቱ የእኔና የአንቺ ነው» አላት። ከዚያ በኋላ በየእሑዱ፣ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ፣ እንግዳ ኖረም አልኖረም፣ ታደለች ነጠላዋንና ጫማዋን አውልቃ ሚዛኑ ላይ ትወጣ ነበር።

አባባ ያወጣው ሕግ ዛሬ ሳስበው ይህ ነው የሚባል ስህተት አልነበረበትም። ቅቤ ይቀነስ፣ ጎመንና ካሮት ይብዛ፣ ሻይ ያለ ስኳር ይጠጣ፣ ከመሸ በኋላ እህል አይቀመስ፣ በየጠዋቱ በእግር ይኬድ የሚል ነበር። ክፋቱ ሕጉ ለአንድ ሰው ብቻ መውጣቱ ነው። እኔ ቀጭንና ሳል የማያጣኝ ስለነበርኩ የታዘዘልኝ ተቃራኒው ነበር፤ ጠዋት አንድ የተቀቀለ እንቁላል፣ አንድ ብርጭቆ ወተት፣ በቅቤ የራሰ ቂጣ። እማዬ ለሁለታችንም በአንድ ትሪ ታቀርብልን ነበር። በእኔ በኩል ያለው ቂጣ ሲያብረቀርቅ፣ በታደለች በኩል ጎመንና ግማሽ እንጀራ ይቀመጥ ነበር። እንቁላሉን የምትልጥልኝ እሷ ነበረች። ቅርፊቱን ሰብስባ፣ እንቁላሉን ከፊቴ አኑራ፣ ስበላ ታየኝ ነበር፤ እኔም እንደምታየኝ ስለማውቅ ቀስ ብዬ እበላ ነበር።

እማዬ አንድም ቀን ይብቃ አላለችም። ባሏ የተማረ ሰው ነው፣ በሽታን ከእሷ ይልቅ እሱ ያውቃል። አንዳንድ ጊዜ ብቻ፣ ታደለች ተነስታ ከሄደች በኋላ፣ የተረፈውን ጎመን አንስታ ስትበላ ዓይኗ እንባ ያቀርር ነበር።

መስከረም ጠብቶ መንገዱ ሲደርቅ የጠዋቱ ጉዞ ተጀመረ። አባባ ጎህ ሲቀድ ይቀሰቅሳትና፣ ከከተማው ወጥተው ወደ ተራራው በሚወስደው ዳገት፣ እሷ ከፊት እሱ ከኋላ ሆነው ይወጡ ነበር። መትቷት አያውቅም፤ ስትደክም ግን እንዳትቀመጥ በመዳፉ ጀርባዋን ይገፋት ነበር። ሲመለሱ ትምህርት ቤት የሚሄዱ ልጆች መንገድ ላይ ያገኟቸዋል። ቀሚሷ ጀርባዋ ላይ ተጣብቆ፣ በላብ ተጠምቃ ሲያዩዋት፣ አተነፋፈሷን እየቀዱ ይከተሏት ነበር። አባባ ልጆቹን አይቆጣም። ትንሽ ማፈር ይጠቅማታል፣ ያኔ መብላቱን ራሷ ትተወዋለች ብሎ ለእማዬ ሲነግራት ሰምቻለሁ።

ጥቅምት አልፎ ኅዳር ሲገባም የታደለች ክብደት እንደ ድሮው ነበር። አንድ ቀን አባባ ጠራኝና ጉልበቱ ላይ አስቀመጠኝ።

«አንቺ የእኔ ነርስ ነሽ» አለኝ። «እህትሽ የበላችውን ሁሉ ትነግሪኛለሽ። ለጤናዋ ነው።»

አባባ ልጅ የሚያቅፍ ሰው አልነበረም፤ ያ ጉልበት ለእኔ ትልቅ ነገር ነበር። እናም መናገር ጀመርኩ። የድስቱን ቂጥ በእንጀራ ስትጠርግ እንዳየኋት ነገርኩት፣ ከስኳሩ ቆርቆሮ ጣቷን ነክራ እንደላሰች ነገርኩት፣ አንድ ቀን ደግሞ ምንም ሳታደርግ ቂጣ ሰረቀች አልኩት። በነገርኩት ቁጥር ራሴን ይዳብሰኛል፤ በማግስቱ የታደለች እንጀራ ከግማሽ ወደ ሩብ ይወርዳል።

ታኅሣሥ ላይ፣ ገብሱና ስንዴው ታጭዶ አህዮች ጭድ ተሸክመው በከተማው ሲመላለሱ፣ ታደለች ከትምህርት ቤት ዘግይታ መምጣት አበዛች። አንድ ከሰዓት በኋላ ተከተልኳት። ወደ አዴ ፋጡማ ግቢ ገባች። አዴ ፋጡማ ከእኛ ሦስት ቤት አልፈው የሚኖሩ፣ ወተትና ቅቤ የሚሸጡ፣ ልጆቻቸው አድገው አንዱ ወደ ጎበሳ አንዱ ወደ ጮሌ ከተማ የሄዱባቸው ሴት ነበሩ። በአጥሩ ቀዳዳ ሳይ፣ እህቴ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ወተት እየናጠችላቸው፣ አዴ ፋጡማ በኦሮምኛ የሆነ ነገር እያወሩላት ትስቅ ነበር። ከክረምቱ ወዲህ ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነበር። ቀጥሎ አዴ ፋጡማ ጩኮ በሳህን አድርገው ሰጧትና መብላት ጀመረች።

አዩኝ። «ኮቱ፣ ግቢ እንጂ፣ ምን ያስቆምሻል?» አሉና እጄን ይዘው አስገቡኝ። ለእኔም ከጩኮው ቆርሰው በመዳፌ አኖሩልኝ። «ኛዱ፣ ብዪ» አሉኝ። በላሁ። ቅቤው እስከ ክርኔ ወረደ። ታደለች ግን እኔን ካየች በኋላ ሳህኑን አስቀምጣ አልነካችውም።

መንገድ ላይ «የሺ፣ ይህን ብቻ አትንገሪብኝ» አለችኝ። «ሌላውን ሁሉ ንገሪው። ይህን ብቻ።»

እሺ አልኳት። ቤት ስንደርስ አባባ ከሥራ ተመልሶ ግቢው ውስጥ እጁን ይታጠብ ነበር። ምንም አልጠየቀኝም፤ ገና ሳያየኝ ነው ሄጄ የነገርኩት። ለምን እንደነገርኩ ደጋግሜ ራሴን ጠይቄአለሁ። ስትስቅ አይቻት ነበር፤ የሳቀችውም ያለ እኔ ነበር። ከዚህ ሌላ ምክንያት አላገኘሁለትም።

አባባ እጁን አድርቆ ወደ ቤት ገባ። ቅዳሜ፣ ገበያው በሞላበት ሰዓት፣ የታደለችን እጅ ይዞ፣ እኔን አስከትሎ፣ አዴ ፋጡማ ቅቤያቸውን ዘርግተው ወደተቀመጡበት ሄደ። ሰላምታ አልሰጣቸውም።

«እርስዎ ልጄን እንደ ሙክት የሚያደልቡልኝ ለየትኛው በዓል ነው?» አላቸው።

ከኋላ የነበሩ ልጆች ሳቁ። አዴ ፋጡማ እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው ቀስ ብለው ተነሱ።

«እኔ አላደለብኩም፣ አቶ በቀለ» አሉ። «ልጅቱ ራበኝ አለችኝ፣ አበላኋት። ራበኝ ያለችው ለእርስዎ ቢሆን ደግ ነበር።»

አባባ ፊቱን አዞረ። ታደለችን እየጎተተ ተመለሰ። ከሰኞ ጀምሮ በትምህርት ቤት የእህቴ ስም ሙክት ሆነ። ሰሌዳው ላይ ላት ያለው በግ ሥለው ከሥሩ ስሟን ጻፉበት፤ መምህሩም አጥፍቶት ሳቁን ዋጠ። ታደለች ከዚያ ወዲያ አዴ ፋጡማን መንገድ ላይ ስታያቸው ወደ ማዶ ትሻገር ነበር።

ዐቢይ ጾም የገባው ነፋሱ አቧራ በሚያስነሳበት ወር ነበር። እማዬና አባባ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾሙ ነበር፤ ታደለች ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ እጾማለሁ አለች፤ ጾምን ደግሞ ማን ይከለክላል? ማዕድ ላይ ስንቀርብ የእሷን ድርሻ በቀስታ ወደ እኔ ትገፋና «ብዪው» ትለኝ ነበር። እበላው ነበር። ጎርሳ፣ የጎረሰችውን ነጠላዋ ውስጥ ተፍታ፣ ወጥታ ለውሻ ስትሰጥም አይቻለሁ። ይህን ግን ለማንም አልተናገርኩም። የታዘዝኩት የበላችውን እንድናገር እንጂ ያልበላችውን አልነበረም።

የሚዛኑ መርፌ በየሳምንቱ ወረደ። አባባ ደስታው ሌላ ነበር፤ ሰማያዊ ቀሚስ ገዛላት፣ ለጓደኞቹም ሥርዓት ያለው አመጋገብ ሰውን እንዴት እንደሚለውጥ እሷን እያሳየ ያስረዳ ነበር። እሷም መሀል ላይ ቆማ፣ ዙሪ ሲላት ትዞር ነበር። ልጆቹ ስሟን አልመለሱላትም፤ የከሳ ሙክት ማለት ጀመሩ እንጂ።

የፋሲካ ለት ጠዋት፣ ዶሮው ቀርቦ ሁላችን ስንገድፍ፣ አባባ በእጁ አጎረሳት። ዋጠችው፣ ወዲያው ወደ ጓሮ ወጥታ አስመለሰችው። በሦስተኛው ቀን ውሃ ቀድታ ስትመለስ ደጃፉ ላይ ወደቀች። ሻሿ ሲወልቅ ራሷ በየቦታው ተመልጦ ነበር፤ ለካ ጸጉሯ ከሻሿ ሥር ሲረግፍ ከርሟል። አባባ ሮጦ አነሳት። ሲያነሳት ፊቱ ተለወጠ፤ ምን ያህል እንደቀረች ያለ ሚዛን በክንዱ አወቀው።

ሐኪም ቤት ብዙ ሳምንት ተኛች። በሕይወት ያቆያት በክንዷ የሚገባው ግሉኮስ ነበር። አባባ ፈቃድ ወስዶ ከአልጋዋ ሥር ተቀምጦ፣ ሾርባ በማንኪያ እያቀዘቀዘ ወደ አፏ ያቀርብ ነበር፤ ከንፈሯን ግጥም ታደርጋለች። አንድ ቀን እኔና እማዬ ቆመን ሳለን ዓይኗን ገለጠች።

«አባባ፣ አሁን ስንት ሆንኩ?» አለችው።

«አልመዘንኩሽም» አላት።

«ይመዝኑኝ እንጂ» አለችና መልሳ ከደነችው።

እማዬ የዚያን ቀን ለማንም ሳትነግር ወደ አዴ ፋጡማ ሄዳ እግራቸው ላይ ወደቀች። በማግስቱ አዴ ፋጡማ ትኩስ ወተት በፔርሙስ ይዘው መጡ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው «ኛዱ፣ ልጄ» እያሉ ለረጅም ጊዜ ለመኗት። ታደለች ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አዴ ፋጡማ ወተቱን እዚያው ትተው ወጡ፤ ኮሪደሩ ላይ ከአባባ ጋር ሲተላለፉ አንዳቸውም ለሌላው ሰላም አላሉም። ወተቱን ማታ ቤት ወስደን እኔ ጠጣሁት።

አልሞተችም። ክረምቱ ሲገባ ወደ ቤት ተመለሰች፤ እንደ ወፍ እየቀማመሰች፣ ሰው ሲያያት እጇን እየሰበሰበች ቆየች። በዚያው ሰሞን ሬዲዮው በሰሜን በረሃብ ስላለቁ ሰዎች መናገር ጀመረ። አባባ ዜናውን ጆሮውን ጥሎ ያዳምጥ ነበር፤ ታደለች ወደ ክፍሉ ስትገባ ግን እጁን ዘርግቶ ይዘጋዋል። ስለዚያ ዓመት ከእሷ ጋር አልተነጋገረም። ካረጀ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ፣ እኔና እማዬ ባለንበት፣ «ያዘዝኩት ነገር እኮ ትክክል ነበር» አለ። ከዚያ ወዲያ ደግሞ አላነሳውም።

አሁን ወፍራሟ እኔ ነኝ፤ ስኳሩም የወጣው በእኔ ደም ውስጥ ነው። የምትከታተለኝ ነርስ የልጄ እኩያ ናት። ወንበሯን ስባ አጠገቤ ተቀምጣ፣ በመጀመሪያ የጠየቀችኝ ምን መብላት እንደምወድ ነበር። ከዚያ ቅቤ እንድቀንስ፣ ጎመን እንዳበዛ፣ ጠዋት ጠዋት በእግሬ እንድሄድ ነገረችኝ። ከአባባ ቃል የተለየ አንድም አልነበረውም። ቤቴ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እኔ የምበላውን ይበላል፤ ባለቤቴ ጠዋት አብሮኝ ይሄዳል፣ ሲደክመኝ አብሮኝ ይቀመጣል። ደህና ነኝ።

ታደለች ሁሩታ ከተማ አግብታ ነው የምትኖረው። በዓመት አንድ ሁለቴ እሄዳለሁ። ደስ ብሏት ትቀበለኛለች፣ ስኳሬን ጠይቃ የሚስማማኝን ሠርታ ታቀርብልኛለች፣ እስክጠግብ ድረስ አጠገቤ ቆማ ትጨምርልኛለች። ባለፈው ስሄድ እጇን ይዤ ቁጭ በይ፣ አብረን እንብላ አልኳት። «በልቻለሁ፣ አንቺ ብዪ» አለችኝና ሳህኖቹን አንስታ ወደ ጓዳ ገባች። እስከ ዛሬ ሰው እያያት አትበላም፤ በሩን ከኋላዋ ዘጋችው። እኔም ወደ በሩ ላለማየት ጀርባዬን ሰጥቼ፣ የጓዳው ድምፅ እንዳይሰማኝ ከልጆቿ ጋር ጮክ ብዬ ማውራት ጀመርኩ። ስትመለስ ምን እንደበላች አልጠየቅኳትም።