የሚወዛወዘው ክዳን

ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ ላይ የሚኖሩት ሰዓት ሠሪ ቅዳሜ ጠዋት በሬን ሲያንኳኩ፣ ምን ይዘው እንደቆሙ ሳልከፍት አውቃለሁ። ዋፍል! እሱም ዋፍል ከተባለ! ስስ፣ ደረቅ፣ ጥርስ የሚያነቅል ነገር።

«እስኪ ቅመሺው፤ የዛሬው ይሻላል» ይሉኛል።

«ጋሼ፣ የዛሬውማ ከባለፈውም ብሶበታል!» እላቸዋለሁ። እኔ እንደሆንኩ ምላሴን መያዝ አላውቅበትም።

ሳህናቸውን ይዘው ደረጃውን ይወጣሉ። ያኔ አንጀቴን ይበሉታል፤ ምነው አፌን በቆረጠው እላለሁ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ባለቤታቸው የልብ ጓደኛዬ ነበረች። ቅዳሜ ቅዳሜ ዱቄቱን ነፍታ፣ የእንቁላሉን ነጭ ለብቻው አረፋ እስኪሆን መትታ፣ ወተትና የቀለጠ ቅቤ ጨምራ፣ ክዳን ባለው የኤሌክትሪክ ማሽን ዋፍል ትጋግር ነበር። ልጃቸው የራሷን ልጅ ይዛ ከከተማው ዳር ድረስ የምትመጣው ለዚያ ነበር። ቤቱ በሳቅ ይሞላል፤ እኔም እንደ ቤተሰብ ሳልጠራ እገባለሁ።

ጓደኛዬ ከሞተች ወዲህ ግን ልጅቷ የመጣችው አንዴ ብቻ ነው። ጋሼ ጋግረው አቀረቡ። ሕፃኗ አንዴ ገመጠችና «ይሄ የአያቴ አይደለም» ብላ ሳህኑን ገፋችው። እናቷ «ይጣፍጣል አባዬ» አለች፤ እሷም ግን አልጨረሰችውም። ከዚያ በኋላ አንዱ ቅዳሜ ሥራ፣ ሌላው ጉንፋን እየሆነ ቀሩ። ጋሼ ደግሞ እንደ ሚስቴ አድርጌ ከጋገርኩ ይመጣሉ ብለው ሙጭጭ አሉ።

ባለፈው ቅዳሜ ቱግ አልኩና «ዛሬ እዚያው ቆሜ አያለሁ!» ብዬ ተከትያቸው ወጣሁ። ጠረጴዛው ላይ ሦስት ሳህን፣ ሦስት ሹካ ተደርድሯል። የሚመጣ ሰው ሳይኖር! ሊጡን አየሁት፤ እንከን የለውም፤ ጓደኛዬ ራሷ የሠራችው ይመስላል። ማሽኑ ላይ አፈሰሱና ክዳኑን ሲያወርዱት ግጥም ብሎ ተዘጋ።

«ቆይ እስኪ፤ ይሄ ክዳን ድሮ ይወዛወዝ አልነበር እንዴ?» አልኩ።

«ጠገንኩታ!» አሉ ኮራ ብለው። «ስንት ዓመት ላስተካክልልሽ ስላት ‹ሰዓትህን ጠግን፣ የእኔን ዕቃ እንዳትነካ› ትለኝ ነበር። በተቀበረች ማግስት ቤቱ ጭር አለብኝ። እጄን የማደርግበት ሳጣ ብሎኑን አጠበቅኩላት።»

«በሞቴ ጋሼ! ሊጡ እኮ ክዳኑን ወደ ላይ እየገፋ ነበር የሚነፋው! እርስዎ አፈኑት!»

ፊታቸው ልውጥ አለ። ማሽኑ እስኪበርድ ጠብቀው ካቻቪቴ አመጡና ብሎኑን አላሉት። እንደገና አፈሰሱ። ክዳኑ ቀስ እያለ ሲነሳ ሁለታችንም ጎንበስ ብለን አየን። ወፍራም፣ ውጩ ቡናማ፣ ውስጡ ለስላሳ ሆኖ ወጣ። ቀመስኩት። እሷው ናት! እንባዬ መጣ።

ጋሼ ሳይቀምሱ ስልክ አነሱ።

«ልጄ፣ አገኘሁት! የእናትሽ ዓይነት ወጣልኝ! አሁን ብትመጡ ትኩስ ትኩሱን...» ብለው ቆም አሉና አዳመጡ። «ግድ የለም፣ ሥራሽን ሥሪ። እሺ። እሺ የኔ ልጅ፣ ሲመችሽ።»

ስልኩን አስቀመጡ። እኔም ሳልጋበዝ ወንበር ስቤ ከሦስቱ ሳህኖች አንዱ ፊት ተቀመጥኩ። ልሄድ ስነሳ ካቻቪቴውን እጄ ላይ አስቀመጡት።

«አንቺ ጋ ይቀመጥልኝ» አሉኝ። «ለዚያ ብሎን የሚሆነው ይሄ ብቻ ነው። እኔ ጋ ካለ፣ ቤቱ ጭር ሲልብኝ መልሼ አጠብቀዋለሁ።»