ሳልገባ ያሰናዳልኝ ኮምፒውተር

ባለቤቴ እዚህ ደብረ ታቦር የተማሪዎች ኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ይሠራ ነበር። ማሽኖቹ ሁሉ የሚሠሩት ሊኑክስ በሚባል ሥርዓት ነው። አዲስ ተማሪዎች ከመምጣታቸው በፊት ተቀምጦ ስክሪፕት የሚሉትን፣ ማሽኑ በራሱ የሚፈጽመውን አጭር የትእዛዝ ዝርዝር ይጽፋል። ተማሪው መጀመሪያ በስሙ ሲገባ የአማርኛው ኪቦርድ፣ የፊደሉ መጠን፣ የጀርባው ሥዕል ተሰናድቶ ይጠብቀዋል። ክረምት ክረምት ይህን ሥራ ወደ ቤት ያመጣው ነበር፤ እኔም እቀልድበታለሁ።

«ላልመጣ እንግዳ የእግር ውሃ ታሞቃለህ።»

«መጥቶ ቆሞ ከሚጠብቅ ይሻላል» ይለኛል፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል።

እኔ የምጽፈው በእሱ አሮጌ ላፕቶፕ ነበር። ስጽፍ ቀስ ብዬ ነው። አንዱን ቃል ጽፌ ሌላውን ስፈልግ ስክሪኑ ይጨልማል። ስነካው የይለፍ ቃል ይጠይቀኛል፤ እስክገባ ድረስ ያሰብኩት ይጠፋል።

«አባረረኝ እኮ» ስለው ይስቃል።

«አንቺ ቃል የምትለቅሚው እንደ ምስር ነው፤ እሱ ምን ያድርግ?»

ታሞ ቤት በዋለበት ወራት ለእኔ ብቻ አንድ ኮምፒውተር አሰናዳ። መግቢያው ላይ ስሜ ተጽፏል። «የጻፍኩለት ትእዛዝ መጀመሪያ ስትገቢ አንዴ ብቻ ነው የሚሠራው» አለኝ። «ከዚያ በኋላ ቤቱ የአንቺ ነው።»

«ሲሻልህ አብረን እንከፍተዋለን» አልኩት። አልተሻለውም።

ከቀብሩ በኋላ ኮምፒውተሩን በነጠላ ሸፈንኩት። ሌላው ሁሉ አልቋል። ልብሱ ለዘመድ ተሰጥቷል፣ ተዝካሩም ወጥቷል። እሱ ለእኔ አድርጎልኝ እኔ ገና ያልተቀበልኩት ይህ ብቻ ነበር። ከገባሁበት ከእሱ የምጠብቀው ነገር አይኖርም።

ልጃችን ለመስቀል መጥታ አየችው። «እማዬ፣ እንደ ታቦት ሸፍነሽ ልታኖሪው ነው?»

«ተይው።»

«አባዬ ውሃውን አሙቆልሽ ነው የሄደው። ቀዘቀዘ እኮ።»

እሷ ገበያ ስትወጣ ነጠላውን አነሳሁ። እሱ የነገረኝን የይለፍ ቃል ጻፍኩ። ማሽኑ ጥቂት ቆየና ስክሪኑ ላይ የጉና ተራራ ሥዕል ወጣ፤ እሱ የተወለደበት ጥግ ነው፣ ገብሱ ለምልሞ። ፊደሉ ያለ መነጽር ይነበባል። ሰዓቱ ሦስት ተኩል ይላል፣ በእኛ አቆጣጠር። ማሽኑን ከእኛ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ በሚቀር ባሕር ማዶ ያለ አገር ውስጥ እንዳለ አሳምኖት ነው ሰዓታችንን ያስቆጠረው። ቢኖር ይህን ሲያስረዳኝ ያመሽ ነበር።

ባዶ ገጽ ከፍቼ «ባለቤቴ» ብዬ ጻፍኩ። የሚቀጥለው ቃል አልመጣልኝም። እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ እንደለመድኩት ስክሪኑ እስኪጨልም ጠበቅኩ። ቆየሁ። ልጄ ከገበያ ተመልሳ ዘንቢሏን ስታስቀምጥ ሰማሁ።

አልጨለመም። ያቺ አንድ ቃል እንደበራች ናት።